የደም ቅባትን በምግብና በእንቅስቃሴ ማስተካከል፦ ከላቦራቶሪው ወረቀት እስከ ጓዳው

ብዙ ሰው የደም ቅባቱ ከፍ ማለቱ ሲነገረው ሥጋና እንቁላል እርግፍ አድርጎ ይተዋል፣ ለሁለት ሳምንት በየጠዋቱ ይሮጣል፣ ከሦስት ወር በኋላ ሲመረመር ግን ቁጥሩ ከነበረበት ንቅንቅ አላለም። ይህ ሁልጊዜ የስንፍና ውጤት አይደለም። «የደም ቅባት» ተብለው በአንድ ስም የሚጠሩት ነገሮች የተለያዩ ናቸው፤ የሚወጡበትም የሚወርዱበትም ምክንያት ይለያያል። አንዱን የሚያወርደው ሌላውን ላይነካው ይችላል። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከምግቡ ሳይሆን ከወረቀቱ ነው።

ወረቀቱን ማንበብ

የሊፒድ ፕሮፋይል ውጤት አራት ቁጥሮች አሉት፦ ጠቅላላ ኮሌስትሮል፣ ኤልዲኤል፣ ኤችዲኤል እና ትራይግሊሰራይድ። ኤልዲኤል ኮሌስትሮልን በደም ስር ግድግዳ ላይ የሚያስቀምጠው ነው፤ ለልብ ደም ስር መዘጋትና ለስትሮክ ከዋናዎቹ ተጠያቂዎች አንዱም እሱ ነው። ትራይግሊሰራይድ ሰውነት ለጉልበት የሚያዘዋውረው ስብ ነው። ኤችዲኤል ደግሞ ከፍ ቢል ብዙ ጊዜ የጥሩ ጤና ምልክት ነው፤ ብቻውን ከፍ ማለቱ ግን የከፍተኛ ኤልዲኤልን ጉዳት አይሰርዝም።

በኢትዮጵያ አብዛኞቹ ላቦራቶሪዎች፣ እንዲሁም በአሜሪካና በእስራኤል፣ ውጤቱ በሚሊግራም በዴሲሊትር ይጻፋል። በዚህ መለኪያ ኤልዲኤል ከ100 በታች ጥሩ፣ ከ130 እስከ 159 ከወሰኑ ጫፍ የደረሰ፣ ከ160 በላይ ከፍተኛ፣ ከ190 በላይ በጣም ከፍተኛ ነው። ስኳር፣ ደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ግን ሐኪሙ ከዚህ ዝቅ ያለ ቁጥር ሊያወጣለት ይችላል። ትራይግሊሰራይድ ከ150 በታች መሆን አለበት፤ ከ200 እስከ 499 ከፍተኛ ነው፣ ከ500 ጀምሮ ቆሽትን ያስቆጣል ተብሎ ይፈራል። ኤችዲኤል ለወንድ ከ40፣ ለሴት ከ50 ባያንስ ይመረጣል። በብዙ የአውሮፓና የባሕረ ሰላጤ አገር ላቦራቶሪዎች የተመረመረ ሰው ቁጥሩን በሚሊሞል በሊትር ያገኘዋል። ኮሌስትሮሎቹን በ38.67፣ ትራይግሊሰራይዱን በ88.57 ቢያባዛ ወደዚህኛው መለኪያ ይመጣለታል። ለምሳሌ ኤልዲኤል 4.0 ማለት 155 ገደማ ነው።

ብዙ ላቦራቶሪዎች ኤልዲኤልን በቀጥታ አይለኩትም፤ በስሌት ያገኙታል። ስሌቱ ይህ ነው፦ ከጠቅላላው ኮሌስትሮል ላይ ኤችዲኤልን ይቀንሱ፣ ከዚያ የትራይግሊሰራይድን አንድ አምስተኛ ይቀንሱ። ጠቅላላው 228፣ ኤችዲኤል 38፣ ትራይግሊሰራይድ 260 የሆነበትን ሰው እንውሰድ። የ260 አንድ አምስተኛ 52 ነው፤ 228 ሲቀነስ 38 ሲቀነስ 52 ኤልዲኤሉን 138 ያደርገዋል። «ብዙም አይከፋ» ሊያሰኝ ይችላል። ነገር ግን ጠቅላላውን ከኤችዲኤል ጋር ብቻ አቀናንሰው ይመልከቱት፦ 190 ይመጣል። ይህ ቁጥር ጉዳት አድራሽ ቅንጣቶችን በሙሉ የሚያጠቃልል ሲሆን ልኩ የኤልዲኤል ግብ ሲደመር 30 ነው። ስለዚህ 190 ማለት 160 ኤልዲኤል እንዳለበት ሰው መቆጠር ነው። የዚህ ሰው ችግር ከቅቤ ይልቅ ከስኳር፣ ከመጠጥና ከቦርጭ የመጣ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ትራይግሊሰራይድ ከ400 ሲያልፍ ግን ስሌቱ አይሠራም፤ ኤልዲኤሉ በቀጥታ እንዲለካ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ቁጥሩ እንዳይዋሽ

ሁለት ውጤቶችን ለማወዳደር ሁለቱም በአንድ ዓይነት ሁኔታ መወሰድ አለባቸው። ምንም ያልለወጠ ሰው ዛሬና ከሳምንት በኋላ ቢመረመር ኤልዲኤሉ በ8 በመቶ ገደማ፣ ትራይግሊሰራይዱ በ20 በመቶ ገደማ ወዲያና ወዲህ ሊል ይችላል። ከዚህ ያነሰ ለውጥ አያስደስት፣ አያስደንግጥም።

ትራይግሊሰራይድ ያሳሰበው ሰው ከምርመራው በፊት ለ9 እስከ 12 ሰዓታት ያህል ምግብ አይብላ፤ ውሃ ይጠጣ። ቢቻል ለሦስት ቀን ቢራ፣ ጠጅ፣ አረቄ አይቅመስ። በዋዜማው ከወትሮው የተለየ ከባድ ስፖርት አይሥራ፣ ምክንያቱም የአንድ ቀን ሩጫ ብቻውን የማግሥቱን ትራይግሊሰራይድ ዝቅ ያደርገዋል። ደም ከመስጠቱ በፊት 5 ደቂቃ ተቀምጦ ይረፍ፤ ከቆሙበት የተቀዳ ደም ቅባቱን ከፍ አድርጎ ያሳያል። ትኩሳት፣ ኢንፌክሽን ወይም ቀዶ ሕክምና የነበረበት ጥቂት ሳምንታት ይታገሥ፤ ሕመም ኤልዲኤልን ለጊዜው ያወርደዋል። እርግዝና ደግሞ ሁሉንም ከፍ ያደርጋል።

ከጾም ጋር የተያያዘው ስሕተት ብዙ ሰው የሚወድቅበት ነው። በሑዳዴ ማብቂያ የተመረመረ የጾመኛ ደምና ከፋሲካ ሦስት ሳምንት በኋላ የተመረመረ ደም አንድ አይሆኑም። በግሪክ ቀርጤስ ደሴት በኦርቶዶክስ ጾመኞች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት በጾሙ መጨረሻ ጠቅላላ ኮሌስትሮል 12 በመቶ፣ ኤልዲኤል 16 በመቶ ገደማ መውረዱን አሳይቷል። ስለዚህ ሚያዝያ ላይ «ዳንኩ» ያለ ሰው ግንቦት ላይ ግር ይለዋል። ከተቻለ ሁለቱንም ምርመራ በፍስክ ወራት፣ ካልሆነም ሁለቱንም በጾም ያድርጉት። ጾም ላይ ኤችዲኤል ትንሽ ዝቅ ማለቱ የተለመደ ስለሆነ አያስጨንቅ።

ኤልዲኤል ለወጣበት ሰው

በደም ውስጥ ያለው ኮሌስትሮል አብዛኛው ከምግብ የሚመጣ ሳይሆን ጉበት ራሱ የሚሠራው ነው። ጉበት ኤልዲኤልን ከደም የሚያነሣባቸው በሮች አሉት። በክፍል ሙቀት የሚረጋ ቅባት፣ ማለትም ሳቹሬትድ የሚባለው፣ በብዛት ሲበላ እነዚህ በሮች ይቀንሳሉ፤ ኤልዲኤል ደም ውስጥ ተንሳፍፎ ይቀራል። እንቁላል በራሱ ያን ያህል አያከፋም፤ አብሮት የሚጠበሰው ቅቤ ነው ዋናው ጉዳይ።

በቀን 2,000 ካሎሪ የሚበላና ኤልዲኤሉ የወጣ ሰው የሚረጋ ቅባቱን ከ15 ግራም አካባቢ እንዳያሳልፍ ይመከራል። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተነጠረ ቅቤ ብቻውን ከ8 ግራም በላይ አለው። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቅቤ የገባበት ክትፎ፣ ሥጋው ሳይቆጠር፣ የቀኑን ኮታ ጨርሷል። ቅቤን ጨርሶ መተው ለማይሆንለት ሰው የሚሠራው ዘዴ በቅቤ ማቁላላትን ትቶ ለሽታው ብቻ መጠቀም ነው፦ ወጡ ከእሳት ሊወርድ ሲል በሰው አንድ የሻይ ማንኪያ ጣል ማድረግ። በዶሮ ወጥ ላይ ቆዳው ተገፎ መጣሉ ጥሩ ልማድ ነው፤ ውጭ አገር ያሉ ቤተሰቦችም የተገዛውን ዶሮ ከነቆዳው ከመጨመር ይቆጠቡ።

ሁለተኛው ዘይቱ ነው። ጀሪካን ውስጥ በጠዋት ብርድ የሚረጋ ወይም የሚደፈርስ ዘይት ብዙ ጊዜ ፓልም ነው። ፓልም ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ቅባት ነው፤ በአንድ የሾርባ ማንኪያ 7 ግራም ገደማ። የኑግ፣ የሱፍ ወይም የአኩሪ አተር ዘይት በተመሳሳይ ማንኪያ 2 ግራም አካባቢ ነው። በቀን ሁለት ማንኪያ ፓልም የሚበላ ሰው ዘይቱን ብቻ ቢለውጥ የኮታውን ከግማሽ በላይ አተረፈ። «ኮሌስትሮል የለውም» የሚለው የጀሪካን ጽሑፍ አያታልልዎ። ማንኛውም የዕፅዋት ዘይት ኮሌስትሮል የለውም፣ ፓልምም የለውም፤ ጉበቱን የሚያስቸግረው ግን የሚረጋው ቅባት ነው። የኮኮናት ዘይትም እንደ ፓልም ኤልዲኤል ያወጣል። በከፊል በሃይድሮጅን የረጉ የአትክልት ቅቤዎችና በእነሱ የተሠሩ ብስኩትና ኬኮች ከሁሉም የከፉ ናቸው፤ ኤልዲኤልን እያወጡ ኤችዲኤልን ያወርዳሉ።

ቤቱ ምን ያህል ዘይት እንደሚበላ ለማወቅ የተከፈተበትን ቀን ጀሪካኑ ላይ ይጻፉ። አራት ሰው ባለበት ቤት 5 ሊትር በ30 ቀን ካለቀ፣ በሰው በቀን 42 ሚሊሊትር፣ ማለትም ሦስት የሾርባ ማንኪያ ገደማ፣ 340 ካሎሪ ያህል ነው። ወደ ሁለት ማንኪያ ለማውረድ ያው ጀሪካን 40 ቀን ያህል መቆየት አለበት። ከማንኪያ ቆጠራ ይልቅ ይህ ይቀላል፣ ቤተሰቡም በጋራ ያየዋል።

ዘይት የሚባክነው በቁሌቱ ላይ ነው። ዘይቱን ቀድሞ ደፍቶ ሽንኩርት መጥበስ ፈጣን ነው፤ ቀድሞ የነበረው የባለሙያ አሠራር ግን ሌላ ነበር። አንድ ኪሎ ቀይ ሽንኩርት በደቃቁ ይከተፍ። ደረቅ ድስት በመካከለኛ እሳት ላይ ይጣድና ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ይግባ። መጀመሪያ የራሱን ውሃ ያወጣል፣ ይንፋፋል። ውሃው ደርቆ ከድስቱ መያዝ ሲጀምር ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሙቅ ውሃ ጠብ አድርጎ ታቹን መፋቅ፤ እንዲህ እያደረጉ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ማቁላላት። ሽንኩርቱ ሟሽሾ፣ ቀለሙ ጠይሞ፣ ጥሬ ሽታው ሲጠፋ በርበሬው ይገባል፤ ዘይቱ የሚገባውም ያኔ ነው፣ ለአራት ሰው ወጥ ሦስት የሾርባ ማንኪያ። የበርበሬው ቀለምና መዓዛ የሚወጣው በቅባት ስለሆነ ዘይቱ ሥራ ያለው እዚህ ጋ ነው፤ ሽንኩርቱ ላይ ሥራ የለውም። ወጡ የሚመርረው እሳቱ በዝቶ ታቹ ሲያር ነው። ያን ጊዜ ዘይት ከመጨመር እሳት መቀነስና ውሃ ጠብ ማድረግ ይበጃል።

የሚቀነሰው ይህ ነው። የሚጨመረው ደግሞ በውሃ የሚሟሟ አሰር ነው፣ ፋይበር የሚባለው። አንጀት ውስጥ እንደ ሙጫ ይሆንና ሐሞትን ይዞ ይወጣል፤ ጉበትም አዲስ ሐሞት ለመሥራት ኤልዲኤልን ከደም ይስባል። በዚህ ሀብት አገራችን አትታማም። ገብስና አጃ ቤታ ግሉካን የሚባል አሰር አላቸው፤ በቀን 3 ግራም የሚያገኝ ሰው ኤልዲኤሉ 5 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ይህን ያህል ለማግኘት ከ60 እስከ 75 ግራም የገብስ በሶ ወይም የገብስ ቅንጬ ይበቃል፤ በሶ ከሆነ ስድስት ሰባት ደህና የሞላ የሾርባ ማንኪያ ነው። በሶውን በውሃና በጥቂት ጨው ይበጥብጡት፤ ስኳር ወይም ማር ከገባበት በአንድ በኩል ያገኙትን በሌላው ይመልሱታል። ገንፎም ከገብስ ይሁን፣ መሐሉ ላይ ያለው የቅቤ ጉድጓድ ግን በአብሽ እርጎ ወይም በተልባ ቢተካ።

ሁለተኛው ምንጭ ጥራጥሬ ነው፦ ምስር፣ ክክ፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ አደንጓሬ። የበሰለ አንድ መለስተኛ ጭልፋ፣ ወደ 130 ግራም፣ በየቀኑ መብላት ሌላ 5 በመቶ ገደማ ያወርዳል። ረቡዕና ዓርብን ብቻ ሳይሆን ሁሉንም ቀን ማለት ነው። ንፍሮ ለመክሰስ ከሳምቡሳና ከቦምቦሊኖ እጅግ ይሻላል። ጥራጥሬ ያላለመደ ሆድ በአንድ ጊዜ ሲበዛበት ይነፋል፤ በሳምንት በሳምንት እያሳደጉ፣ ጥሬውን ሌሊቱን ዘፍዝፈው ውሃውን እየደፉ ይቀቅሉት። ተልባ በቀን አንድ ወይም ሁለት የሾርባ ማንኪያ ይጠቅማል፤ ግን ሳይፈጭ ከተዋጠ እንደገባ ይወጣል። ተፈጭቶ የቆየ ተልባ ስለሚበላሽ በሳምንት የሚያልቅ ብቻ ይፍጩ። አቮካዶ ግማሽ፣ ለውዝ አንድ እፍኝ፣ በቅቤ ፋንታ እንጂ በተጨማሪ ከሆነ አይደለም።

ጀበናውንም ማየት ያስፈልጋል። ቡና ፍሬው ውስጥ ካፌስቶል የሚባል ቅባታማ ነገር አለ፤ ኤልዲኤልን ያወጣል። በወረቀት ማጣሪያ የወረደ ቡና ላይ ወረቀቱ ይይዘዋል። ተፈልቶ ሳይጣራ የሚጠጣ ቡና ላይ ግን ይቀራል፤ የጀበና ቡናም ከዚህ ወገን ነው። በቀን አንድ ሁለት ሲኒ የሚጠጣ ሰው ብዙም አያስጨንቀው። ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ሦስት ሦስት ሲኒ የሚጠጣ፣ ምግቡንም አስተካክሎ ኤልዲኤሉ አልወርድ ያለው ሰው፣ ለስድስት ሳምንት በወረቀት ማጣሪያ ጠጥቶ እንደገና ይመርመር። ጀበናው ከተቀዳ በኋላ በወረቀት ማጥለልም ያው ሥራ ይሠራል። አተላው ወደ ታች እስኪቀመጥ ታግሦ በቀስታ መቅዳት ጥቂት ይረዳል፣ የወረቀትን ያህል ግን አይሆንም።

ትራይግሊሰራይድ ለወጣበት ሰው

ይህኛው ከቅቤ ይልቅ ስኳር፣ ዱቄትና አልኮል የሚያወጣው ነው። ከመጠን ያለፈ ስኳር ጉበት ሲደርስ ወደ ስብ ይለወጥና ወደ ደም ይላካል። ስለዚህ ጾመኛ ሆኖ፣ ሥጋ ሳይነካ፣ ትራይግሊሰራይዱ 300 የሆነ ሰው ብርቅ አይደለም። ዳቦ በሻይ፣ ፓስታ በዳቦ፣ ለስላሳ በእንጀራ ሲደራረብ ይህ ነው የሚመጣው። ረመዳን ላይም በቴምርና በጭማቂ ጀምሮ በተጠበሰ ሳምቡሳ የሚያልፍ ማፍጠሪያ ያው ችግር አለው።

የሚለወጠው በቅደም ተከተል ይህ ነው፤ ከላይ ያለው ከታች ካለው ይልቅ ይከፍላል። መጀመሪያ የሚጠጣ ስኳር። አንድ 300 ሚሊሊትር ለስላሳ 32 ግራም ገደማ፣ ስምንት የሻይ ማንኪያ ስኳር ነው። በቀን አራት ብርጭቆ ሻይ በሦስት ሦስት ማንኪያ ስኳር የሚጠጣ ሰው 48 ግራም አገኘ። ማንኪያውን በየሳምንቱ በግማሽ ቢቀንሱት ምላስ ይለምዳል፤ በአንድ ቀን ቢተውት ግን ብዙ ጊዜ ይመለሱበታል። ጭማቂ ቤት ያለው ስፕሪስም ስኳርና ሽሮፕ ሳይጨመር እንዲሠራ ይዘዙ። ፍራፍሬውን ነክሶ መብላት ከሁሉ ይሻላል።

ቀጥሎ አልኮል። ትራይግሊሰራይዱ ከ200 በላይ የሆነ ሰው ለስድስት ሳምንት ቢራም ጠላም ጠጅም አረቄም ትቶ ይሞክር። በአንዳንዱ ሰው ላይ ይህ ብቻ ቁጥሩን በግማሽ ያወርደዋል። ጠጅ አልኮልም ስኳርም ስለሆነ በሁለት በኩል ይጎዳል። ቁጥሩ ከ500 ካለፈ መጠጡን መቀነስ አይበቃም፣ ጨርሶ ማቆም ያስፈልጋል።

ከዚያ የእንጀራና የዳቦ ልክ። እንጀራን መተው አያስፈልግም፤ መጠኑን ማወቅ ግን ያስፈልጋል። አንድ ሙሉ እንጀራ ብዙ ጊዜ ከ300 ግራም ያልፋል። በትሪ ዙሪያ ተቀምጦ በጋራ ሲበላ ማን ምን ያህል እንደበላ ስለማይታወቅ፣ የሚጠነቀቀው ሰው ድርሻውን አስቀድሞ በቁራሽ ለይቶ በፊቱ ያድርግ፣ ለምሳሌ ግማሽ እንጀራ። ከዚያ ወጡን በሁለት እጥፍ ይውሰድ፤ በተለይ ጎመን፣ ሰላጣና ምስር። ሰው ሲያጎርስ እምቢ ማለት እንደሚከብድ የታወቀ ነው፤ ጉርሻው ከድርሻው ላይ ይቆጠር።

ትራይግሊሰራይድ ቶሎ ይታዘዛል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ለውጥ ያሳያል። ኤልዲኤል ግን አራት ሳምንት ገደማ ይወስዳል።

እንቅስቃሴ፦ ምን ይሠራል፣ ምን አይሠራም

እዚህ ላይ ያለው የተሳሳተ ተስፋ ብዙ ሰው ያስኮርፋል። ክብደት ሳይቀንስ የሚደረግ እንቅስቃሴ ኤልዲኤልን ብዙም አያወርደውም። ትልቁ ሥራው ትራይግሊሰራይድ ላይ ነው፤ ኤችዲኤልንም ትንሽ ከፍ ያደርጋል። ጡንቻ ውስጥ ባሉ ቀጫጭን የደም ስሮች ግድግዳ ላይ ሊፖፕሮቲን ላይፔዝ የሚባል ኤንዛይም አለ፤ ትራይግሊሰራይድን ከደም እየቆረሰ ለጡንቻ ያቀብላል። አንድ ሰዓት ፈጠን ብሎ የተራመደ ሰው ይህ ኤንዛይም ከሰዓታት በኋላ ጀምሮ እስከ ማግሥቱ ይበረታበታል፤ በሁለት በሦስት ቀን ግን ይጠፋል። ቅዳሜን ብቻ ሁለት ሰዓት ኳስ የሚጫወት ሰው ከማክሰኞ ጀምሮ ጥቅሙ የለውም ማለት ነው። በሳምንት አምስት ቀን 30 ደቂቃ ከዚያ እጅግ ይሻላል።

ለኤችዲኤል የተደረጉ ጥናቶች ሲጠቃለሉ በሳምንት ከ120 ደቂቃ በታች የሆነ እንቅስቃሴ ለውጥ እንደማያመጣ፣ ከዚያ በላይ ሲሆን በአማካይ 2.5 ሚሊግራም ያህል ከፍ እንደሚያደርግ አሳይተዋል። ከፍጥነቱ ይልቅ ርዝመቱ ይበልጥ ይቆጠራል። ስለዚህ መሮጥ የማይችል ሰው ረጅም መራመድ ይችላል። ማጨስ ማቆምም ኤችዲኤልን ያወጣል፤ ለልብ ያለው ጥቅም ደግሞ ከዚህ ሁሉ ይበልጣል።

ለጀማሪ የ12 ሳምንት አካሄድ እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በሳምንት 5 ቀን 15 ደቂቃ እርምጃ። በሦስተኛውና በአራተኛው 25 ደቂቃ። ከአምስተኛው እስከ ስምንተኛው 35 ደቂቃ፣ ከእነዚህም ቢያንስ አንዱ ቀን ዳገት ያለበት መንገድ። ከዘጠነኛው ጀምሮ 45 ደቂቃ፣ በተጨማሪም በሳምንት ሁለት ቀን የጡንቻ ሥራ፦ ከወንበር ተነሥቶ መቀመጥ 12 ጊዜ፣ ግድግዳ ወይም ወለል ላይ ፑሽ አፕ 10 ጊዜ፣ ደረጃ መውጣት 5 ደቂቃ፣ ይህን ሦስት ዙር። የፍጥነቱ ልክ ይህ ነው፦ ማውራት ይችላሉ፣ መዝፈን ግን አይችሉም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ከባሕረ ሰላጤ ወይም ከአሜሪካ ቆላ ከተሞች የመጣ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ቶሎ ሊያለከልክ ይችላል፤ ፍጥነቱን ይቀንስ። ደረት ላይ መጨነቅ፣ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ ራስ ማዞር ከመጣ ወዲያው ይቁምና ሐኪም ይየው። ስኳር፣ የልብ ሕመም ወይም ደም ግፊት ያለበት ደግሞ ከመጀመሩ በፊት ያማክር።

አንድ የሚጠቅም ነገር እዚህ ይጨመር። ለፋሲካ ወይም ለሰርግ ከባድ ምግብ እንደሚበላ የሚያውቅ ሰው በዋዜማው ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ይራመድ። ከምግቡ በኋላ ደም ውስጥ የሚወጣው ስብ ዝቅ ይላል፤ ኤንዛይሙ ዝግጁ ሆኖ ይጠብቀዋልና። ግን ከእርምጃው በኋላ ያቃጠለውን በጥብስ ከመለሰ ጥቅሙ አብዛኛው ይጠፋል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በአንድ ሰዓት ፈጣን እርምጃ የሚያቃጥለው 300 ካሎሪ አካባቢ ነው፤ ይህ ከአንድ ሙሉ እንጀራ ያነሰ ነው።

ክብደት ሲቀንስ የሚያደናግረው

ከክብደቱ ከ5 እስከ 10 በመቶ የቀነሰ ሰው፣ ለምሳሌ ከ80 ኪሎ ወደ 74፣ ትራይግሊሰራይዱ 20 በመቶ አካባቢ ይወርዳል፤ ኤልዲኤልም ጥቂት ይከተላል። ፍጥነቱ በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ይሁን፤ ከዚህ የፈጠነ የሐሞት ጠጠር ሊያመጣ ይችላል።

ነገር ግን ክብደቱ እየወረደ ባለበት መሐል የተመረመረ ሰው ኤችዲኤሉ ዝቅ፣ አንዳንዴም ኤልዲኤሉ ከፍ ብሎ ሊያገኘው ይችላል። ስቡ ሲቀልጥ በውስጡ ተከማችቶ የነበረው ኮሌስትሮል ወደ ደም ስለሚወጣ ነው። «ምግቡ አልተስማማኝም» ብሎ የሚያቆመው ብዙው ሰው በዚህ ወቅት ነው። ክብደቱ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት በአንድ ቦታ ረግቶ ሲቆይ የሚወሰደው ውጤት ነው የሚታመነው።

እንጀራና ዳቦን ጨርሶ ትቶ በሥጋ፣ በቅቤና በእንቁላል መክሳት በማኅበራዊ ሚዲያ በሰፊው ይመከራል። በእርግጥ ክብደትና ትራይግሊሰራይድ ይወርዳሉ። በአንዳንድ ሰዎች፣ በተለይ ቀጫጮች ላይ፣ ኤልዲኤል ከእጥፍ በላይ ይወጣል። ይህን መንገድ የመረጠ ሰው በስድስተኛው ሳምንት ይመርመር፤ ኤልዲኤሉ ከተሰቀለ ቅቤውን በኑግና በሱፍ ዘይት፣ በአቮካዶና በለውዝ ይተካ። ሎሚ በሙቅ ውሃ ስብ ያቀልጣል የሚባለው ደግሞ መሠረት የለውም፤ ጠዋት በባዶ ሆድ ቢጠጡትም የደሙን ቅባት አይነካውም።

ሁለተኛው ምርመራና ውሳኔው

ለውጡ ከተጀመረ ከ8 እስከ 12 ሳምንት በኋላ፣ በተመሳሳይ ላቦራቶሪና በተመሳሳይ ሁኔታ ይመርመሩ። ምን መጠበቅ እንዳለብዎ አስቀድመው ይወቁ። ዘይቱን የለወጠ፣ ቅቤውን የቀነሰ፣ ገብስና ጥራጥሬ በየቀኑ የበላና ጥቂት ክብደት የጣለ ሰው ኤልዲኤሉ ከ15 እስከ 20 በመቶ ቢወርድ በደንብ ሠርቷል። 150 የነበረው ወደ 120 እና 128 መሐል ይመጣል። 210 የነበረው ግን ወደ 170 ነው የሚወርደው፤ ይህ ቁጥር ደግሞ አሁንም አደገኛ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሐኪሙ ስታቲን የሚባለውን ኮሌስትሮል የሚያወርድ መድኃኒት ሲያዝለት ጥረቱ ከንቱ ስለሆነ አይደለም፤ ምግብና እንቅስቃሴ ከመድኃኒቱ ጋር ይደመራሉ። ስታቲን ጀምሮ ቁጥሩ ጥሩ ሲሆን «ድኛለሁ» ብሎ የሚያቆም ሰው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደነበረበት ይመለሳል፤ ጥሩ የሆነው በመድኃኒቱ ነበርና።

ሁሉን አድርጎ ያልወረደለት ሰው የታይሮይድ፣ የኩላሊትና የስኳር ምርመራ ይጠይቅ። የታይሮይድ እጢ ሥራ መዳከም ኤልዲኤልን ያወጣል፣ እሱ ሲታከም ቅባቱም ይወርዳል። ስቴሮይድ፣ አንዳንድ የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብሎችና አንዳንድ የኤችአይቪ መድኃኒቶችም ቅባት ያወጣሉ፤ እነዚህን ለሐኪሙ መንገር እንጂ በራስ ፈቃድ ማቆም አይገባም።

ትራይግሊሰራይድ ከ500 በላይ ሆኖ፣ ከላይኛው ሆድ ጀምሮ ወደ ጀርባ የሚዘልቅ ከባድ ሕመምና ማስመለስ ከመጣ የቆሽት መቆጣት ሊሆን ስለሚችል ለነገ ሳይሉ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ኤልዲኤል ከ190 በላይ የሆነበት፣ በተለይም ወላጁ ወይም ወንድሙ በወጣትነቱ በልብ ደም ስር መዘጋት የሞተበት ሰው ደግሞ ነገሩ በዘር የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ቀጭን ሆኖ፣ እየሮጠ፣ ጾሞም ይህ ቁጥር ሊወጣበት ይችላል። እንዲህ ከሆነ ወረቀቱን ይዞ ወንድሞቹን፣ እኅቶቹንና ልጆቹን ያስመርምር።